በስድስትና በሁለት መካከል

ጡረተኛው ልብስ ሰፊ የሞቱት ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ በአረጋውያን ክፍል አሥራ አራት ቁጥር አልጋ ላይ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ ነው። ከራስጌያቸው ባለች ትሪ ላይ ሦስት ባዶ ብልቃጦች ተደርድረዋል። አንዱ ብልቃጥ ሁለት ሚሊ የልብ መድኃኒት ይይዛል። በእሳቸው ዕድሜ ላለ ሰው የሚሰጠው አንዱ ብቻ ነው፤ ሦስቱ በሬ ይጥላሉ።

ኢንስፔክተሩ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሲደርስ አስከሬኑ ተሸፍኖ፣ ትሪዋ በላስቲክ ታሽጋ፣ መርፌውን የወጋችው ነርስ ጥግ ላይ ወንበር ይዛ ጠበቀችው። ኢንስፔክተሩን ባልደረቦቹ «ጉንዳን» ይሉታል፤ አንዴ ከነከሰ አይለቅም ለማለት ነው። እሱ ግን ስሙ የወጣለት በቁመቱ ይመስለዋል፤ ስለዚህ አይወደውም።

«ስንት ሰጠሻቸው?» አላት።

«ስድስት።»

«ማን ስድስት አለሽ?»

«ሰንጠረዡ።»

ሰንጠረዡ የመድኃኒት መጠን የተጻፈበት ነው። ለዓመታት መድኃኒት ቁም ሳጥኑ በር ላይ ተለጥፎ የኖረ ወረቀት ነበር። ያለፈው ዓርብ ሆስፒታሉ ወደ ድረ ገጹ አዛውሮት ወረቀቱ ተላጠ፤ ሐኪምም ነርስም በስልኩ እያየ ይሠራ ተባለ። እያንዳንዱ መድኃኒት አንድ መስመር አለው፤ በመስመሩ ላይ በተራ የሕፃን፣ የአረጋዊና የጎልማሳ መጠን ይጻፋል። የዚያን ዕለት ጠዋት ሐኪሙ ካርዱ ላይ «እንደ ሰንጠረዡ ይሰጣቸው» ብሎ ጽፏል። ነርሷ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ከአረጋውያን ጋር የኖረች ናት፤ ዓይኗ ከሁለተኛው ዓምድ ሌላ አያይም።

ኢንስፔክተሩ በራሱ ስልክ ገጹን ከፈተ። የዚያ የልብ መድኃኒት መስመር ከሕፃን በታች ባዶ ነው። ከአረጋዊ በታች ሁለት፣ ከጎልማሳ በታች ስድስት ይላል። ግልጽ ነው። ስልኩን አዙሮ አሳያት።

ነርሷ ስልኩን ትኩር ብላ አየችው። «ጠዋት እንዲህ አልነበረም» አለች።

ይህን ዓረፍተ ነገር ኢንስፔክተሩ በሥራ ዘመኑ ስንት ጊዜ እንደሰማው ቁጥሩን አያውቀውም። የተያዘ ሰው ሁሉ ጠዋት እንዲህ አልነበረም ይላል። የክፍሉ አለቃም ነገሩን ለማወፈር አልዘገየችም፤ ከመሳቢያዋ አንድ ወረቀት አወጣች። ሟቹ ሰኞ ዕለት በገዛ እጃቸው የጻፉት አቤቱታ ነው፤ ነርሷ መጸዳጃ ላይ አስቀምጣኝ አርባ ደቂቃ ረሳችኝ ይላል። አለቃዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ጥርሷን ነክሳባቸው ነበር አለች።

ከሰዓት በኋላ ነርሷ ጣቢያ ገባች። ለምርመራ ሰባት ቀን ተፈቀደ። ፋይሉ እንዳለ ለዐቃቤ ሕግ ከሄደ ክሱ ሆን ብሎ መግደል ነው፤ ያ ደግሞ ሃያ ዓመትን ቢሻገር እንጂ አያንስም።

በማግስቱ ኢንስፔክተሩ ወደ ቢሮው ሲገባ፣ ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ አንዲት እናት የምሳ ዕቃ ታቅፈው ተቀምጠዋል። የነርሷ እናት ናቸው። ሌላ ልጅ የላቸውም። ተነሥተው እጅ ሊነሡት ሲሉ አረፍ እንዲሉ ለመናቸው። አጠገባቸው መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ደልደል ያለች ሴት እጃቸውን ይዛ ነበር። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ጸሐፊ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት በዚያ ቢሮ ስለተየበች ከጽዳት ሠራተኛ እስከ ሐኪም ሁሉም «እትዬ» ይላታል። የምሳ ሰዓቷን ሰውታ በአውቶቡስ መጥታለች። ነገም እመጣለሁ ስትላቸው ሰማ። ቃሏንም ጠበቀች፤ እሑድን ጨምሮ አንድም ቀን አልቀረችም። ደግ ሰው አይጠፋም አለ ኢንስፔክተሩ በሆዱ፣ ወደ ሥራውም ሄደ።

መጀመሪያ የነከሰው የሟቹን ልጅ ነው። ልጁ የጭነት መኪና ሹፌር ሲሆን፣ ረቡዕ ጠዋት ከከተማ ውጪ ነበርኩ ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። የአረጋውያን ክፍሉ ዘበኛ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኮቱን ደረቱ ላይ አጥብቆ ሲገባ አይቶታል። ልጁ ተጠርቶ መጣ፤ ላበቱ ጠብ ጠብ አለ። ሁለት ጊዜ ዋሸ። በሦስተኛው አለቀሰ። ኮቱ ውስጥ የነበረው ጨው የበዛበት ኦቾሎኒ ነው፤ ሐኪም ለአባቱ ጨው ከልክሎ ነበር። አባት ልጁን «ከሞትኩ ኦቾሎኒ በልቼ ልሙት» ብለው ለምነውታል። አሁን ልጁ የገደልኳቸው እኔ ነኝ እያለ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልተኛም። ኢንስፔክተሩ ኦቾሎኒው እንዳልገደላቸው ነግሮ ሸኘው።

ቀጥሎ የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነበር፤ ገና በጠዋቱ ራሱ የተመለጠ ሰው። ድረ ገጹን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ኢንስፔክተሩ ገጹ ለመጨረሻ ጊዜ የተነካው መቼ ነው ሲለው፣ መላጣው መዝገቡን ከፈተና የፊቱ ቀለም ተለወጠ። ረቡዕ፣ ሦስት ሰዓት ከአርባ። ሰውየው ከሞቱ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ማለት ነው። የነካውም ሰው የተመዘገበው በመላጣው ስም ነው።

«ምኑ እንደተለወጠ ያሳያል?»

«አያሳይም። አሮጌውን ቅጂ እንዳያስቀምጥ አጥፍቼዋለሁ።»

«ለምን?»

«ሞልቶ ሞልቶ ያስቸግረኝ ነበር» አለና ትንሽ ቆይቶ፣ ሳይጠየቅ ሌላ ጨመረ። «ደግሞ በኔ ስም ማንም ይገባል እኮ። የይለፍ ቃሉን ማስታወቂያ እንዲለጥፉ ለሰባት ቢሮ ሰጥቻለሁ። ኪቦርዳቸው ሥር ለጥፈውታል።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ለዚህ ሰው በሁለቱም በኩል ሠርቷል። ኢንስፔክተሩ በዚያች ሰዓት የት ነበርክ አለው። ሊፍት ውስጥ። ከሦስት ሰዓት ከሃያ እስከ አራት ከአሥር ሊፍቱ በሁለተኛና በሦስተኛ ፎቅ መካከል ተገትሮ፣ ከአንዲት የልብስ ማጠቢያ ሠራተኛና ከሁለት ጋሪ አንሶላ ጋር ታግቶ ነበር። ስልክም አይሠራም። ሠራተኛዋ ስትጠየቅ ቃሉን አጸናችለት። «ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ስለ ኮምፒውተር ሲያስረዳኝ ነበር» አለች። «በሕግ የሚያስጠይቅ ከሆነ እከሰዋለሁ።»

እንግዲህ አንድ ሰው፣ ከሰባት ቢሮ ከአንዱ፣ ሰውየው ከሞቱ በኋላ ገጹን ነክቷል። ኢንስፔክተሩ የልጅቷን ዓረፍተ ነገር አስታወሰ። ጠዋት እንዲህ አልነበረም። ገጹ በባለሙያ እንዲመረመርለት አዘዘ።

የፖሊስ ኮምፒውተር ባለሙያዋ የእስክሪብቶ ክዳን የምታኝክ፣ ሰላምታ የማታበዛ ሴት ናት። ሰኞ ጠዋት፣ በስድስተኛው ቀን፣ ወደ ክፍሏ ጠራችው። የገጹን ጽሑፍ አውጥታ ማሽኗ ላይ ዘርግታዋለች።

«ባዶ ቦታም ዓይነት አለው ጋሼ» አለችው። «ሰው በቃልና በቃል መካከል የሚመታው ተራው ነው። ማሽኑን አሳየኝ ስትለው እንደ ነጥብ ያሳይሃል። እየው።»

አንድ ቁልፍ ነካች። ገጹ በሙሉ ጥቃቅን ነጥብ አፈላ። በቁጥሮቹ መካከል ነጥቦቹ ተሰልፈዋል። የልብ መድኃኒቱ መስመር ላይ ግን፣ ከመድኃኒቱ ስም እስከ ሁለት ቁጥር ድረስ፣ ነጥብ የለም። በነጥብ ፋንታ አሥራ አራት ትናንሽ ቀለበቶች ተደርድረዋል።

«ይኼኛው የሚያጣብቅ ባዶ ቦታ ነው። ሁለት ቃል መስመር መጨረሻ ላይ እንዳይለያይ ያስራል። ሁለት ቁልፍ ይዘህ ባዶ ቦታውን መትተህ ነው የምታወጣው፤ ሳታስበው እጅህ ላይ አይመጣም። ሌላም ጠባይ አለው። ድረ ገጽ ተራውን ባዶ ቦታ አይቆጥርም። አንድ ብትመታ፣ ሃምሳ ብትመታ፣ አንድ አድርጎ ይውጠዋል። ይኼን ግን አይውጥም።»

«ስለዚህ?»

ቀለበቶቹን አጥፍታ በቦታቸው አሥራ አራት ተራ ነጥብ መታችና ገጹን ሌላ አንባቢ እንደሚያየው አድርጋ ከፈተችው። አሥራ አራቱ ነጥቦች አንድ ሆነው፣ ሁለት ቁጥር ሸርተት ብላ ሕፃን ሥር ገባች። ስድስት ተከትላት አረጋዊ ሥር ቆመች።

ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሌሎቹ መስመሮች ቢታመቁም ችግር አልነበረባቸውም፤ ሦስቱም ቁጥሮች ስላሏቸው ሁለተኛዋ ያው ሁለተኛ ናት። ለሕፃን የማይሰጠው፣ ስለዚህም ባዶ ቦታ የተተወለት፣ ይህ አንድ መድኃኒት ብቻ ነው። እሱም ከስንት አንዴ የሚታዘዝ ነው። ከዓርብ ወዲህ መጀመሪያ የታዘዘውም ለአሥራ አራት ቁጥር አልጋ ሆነ።

«እውነቷን ነው» አለ።

«እውነቷን ነው። ግን ይኼ የኔ ግምት ነው። የሆስፒታሉ ጠበቃ ቀለበቶቹ ዓርብም ነበሩ ቢልህ ምን ትለዋለህ? የተከላቸውን ሰው አምጣ።»

ነገ ቀኑ ያልቃል።

ጉንዳን የፋርማሲውን ሹም ነከሰ። ሰንጠረዡ ላይ ፊርማው ያለው እሱ ነው፤ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠየቀውም እሱ ነው። ስህተቱን አይቶ ለመደበቅ ከእሱ የተሻለ ምክንያት ያለው ሰው የለም። ሹሙ ግን በዚያች ሰዓት መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየቆጠረ ሲረከብ ነበር፤ ሦስት ሰዎች ፈርመዋል። በዚያ ላይ በአንድ ጣት ነው የሚተይበው፤ ስሙን እንኳ ጽፎ እስኪጨርስ ኢንስፔክተሩ መስኮቱን ሁለት ጊዜ ተመለከተ። ስለሚያጣብቅ ባዶ ቦታ ሲጠየቅም፣ ባዶ ባዶ ነው፣ ምን ዓይነት አለው ብሎ ተቆጣ። ከመደርደሪያው የመጀመሪያውን ወረቀት አወጣ። ዓምዶቹ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስል ቀጥ ብለዋል።

«እኔ በእጄ ጻፍኩ፤ ከላይ ቢሮ ተተይቦ መጣልኝ» አለ። «በዚህ ወረቀት አንድም ሰው አልሞተም።»

ኢንስፔክተሩ ስምንት ሰዓት ላይ ባዶ እጁን ጣቢያ ተመለሰ። አግዳሚው ላይ እናትየው እንደ ወትሮው ነበሩ፤ እትዬ መነጽሯን በልብሷ ጫፍ እያበሰች ወደ ሥራዋ ልትመለስ ስትነሣ አገኛት። አንገቱን ደፍቶ አለፋቸው።

ማሽኑ ላይ ሐሙስ ከሆስፒታሉ የመጣ፣ ገና ያላነበበው ደብዳቤ ይጠብቀዋል። ዳይሬክተሩ ነርሷ ለሕግ እንድትቀርብ አጥብቀው ይጠይቃሉ። ዕድሜ ዓይኑን አድክሞታልና ፊደሉን አተለቀው። ፊደሉ ሲተልቅ መስመሮቹ እየተሰበሩ ወረዱ፤ አንድ ነገር ግን ዓይኑን ያዘው። «ዶክተር» የሚለው ማዕረግ መስመር መጨረሻ ላይ ቦታ እያለው አልቀረም። ሰፊ ክፍተት ትቶ ከዳይሬክተሩ ስም ጋር አብሮ ወረደ። ደግሞ አተለቀው። ሁለቱ አሁንም ተያይዘው ወረዱ። አሳነሰው፤ ተያይዘው ወጡ። አምስት ቦታ ላይ ማዕረጉና ስሙ ይገኛሉ፤ አምስቱም ቦታ አልተለያዩም።

ባለሙያዋን ጠራትና ነጥቦቹን አሳዪኝ አላት። ደብዳቤው ነጥብ በነጥብ ሆነ። በ«ዶክተር»ና በስሙ መካከል፣ አምስቱም ቦታ፣ ቀለበት ነበር።

ደብዳቤውን ማን እንደተየበው መጠየቅ አላስፈለገውም። አሁን ከአግዳሚው ላይ ተነሥታ ሄዳለች።

የዳይሬክተሩ ቢሮ መግቢያ ንጹሕና ጸጥ ያለ ነው። እትዬ መስኮቱ ሥር ያሉትን አበቦች ውኃ እያጠጣች ነበር። ዳይሬክተሩ ስብሰባ ላይ ናቸው ብላ ወንበር አቀረበችለት። እሱ አልተቀመጠም።

«የመጣሁት ለእርስዎ ነው እትዬ። አንድ መስመር ቢተይቡልኝ ብዬ። የዳይሬክተሩን ማዕረግና ስም ብቻ።»

መነጽሯን አድርጋ ተቀመጠች። «ዶክተር» ብላ ጨረሰችና፣ የግራ እጇ ትንሿ ጣት ወረድ ብላ አንድ ቁልፍ ያዘች፣ ጎረቤቷ ሌላውን ያዘች፣ አውራ ጣቷ ክፍት ቦታውን መታ። ሁሉም ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ነው። ከዚያ ስሙን ልትጀምር ብላ ቆመች። እጆቿን ከኪቦርዱ ላይ አንሥታ ጉልበቷ ላይ አኖረቻቸው።

«ማን አስተማረዎት?» አላት ቀስ ብሎ።

ከብዙ ዓመት በፊት ነው አለች። አንድ ጊዜ ማዕረጋቸው ከላይ፣ ስማቸው ከታች ቀርቶ ደብዳቤው ወጣ፤ ዳይሬክተሩ ማዕረጌን ገፈፍሽኝ ብለው ፊቷ ላይ ወረወሩት። ከዚያ ወዲህ ሳታጣብቅ ጽፋ አታውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ነርሷ እየሮጠች የገባችው በዚህ በር ነው። ስድስት ይላል፣ ስድስት ሰጠሁ፣ ሰውየው አረፉ አለች። ዳይሬክተሩ ተነሥተው ወረዱ። እትዬ ብቻዋን ቀረች። ገጹን ከፈተች፤ እንዳየችው ምን እንደሆነ ገባት።

«ያን ወረቀት የተየብኩት እኔ ነኝ» አለች። «ዕድሜዬን ሙሉ ዓምድ የማሰልፈው በአውራ ጣቴ ነው። ባዶ ቦታ እየመታሁ። ወረቀት ላይ እንዳሰለፍከው ይቀራል፤ የትም አይሄድብህም። ዓርብ ዕለት ያ መላጣ ጽሑፌን ከማሽኔ ገልብጦ ወሰደ። እዚያ ሲደርስ እንደሚታመቅ በምን ልወቅ።»

አምስት ሰዓት ላይ ዘጠኝ ቁጥር አልጋ ላይ ያሉት ሴትዮ ያንኑ መድኃኒት እንደሚወስዱ ታውቅ ነበር፤ ዝርዝሩ በእጇ ያልፋል። መላጣው ጋ ደወለች። ሊፍት ውስጥ መሆኑን ማን ይንገራት፤ ሦስት ጊዜ ደወለች። ከዚያ የኪቦርዷን ሆድ ገልብጣ የይለፍ ቃሉን አነበበች። ተራ ባዶ ቦታ መታች፤ ገጹ ዋጠው። እንደገና መታች፤ ዋጠው። በመጨረሻ የዳይሬክተሩን ማዕረግ የምታጣብቅበት ትዝ አላት። አሥራ አራት ጊዜ መታች። ቁጥሮቹ ተራቸውን ያዙ።

«የዘጠኝ ቁጥሯ ሁለት ተሰጣቸው። ትናንት ወደ ቤታቸው ሄዱ» አለች።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገሩም?»

«ልናገር ነበር። ዳይሬክተሩ ተመልሰው መጥተው ገጹን ከፈቱ። ሁለት ይላል፣ ይቺ ውሸታም አሉ። አፌ ተያዘ። ሰውየውን የገደለው የኔ አውራ ጣት ነው፤ ይህን ብል የት እገባለሁ አልኩ። ነገ እናገራለሁ አልኩ። በነገታው ደብዳቤውን አስጻፉኝ።»

«እርስዎም ጻፉት።»

«ጻፍኩ።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ ነበር የኢንስፔክተሩ አያት፤ ሁልጊዜ ለሞኝ ሰው የሚሉት ይመስለው ነበር። እትዬ ሞኝ አይደለችም። የዘጠኝ ቁጥሯን አትርፋ፣ በዚያው እጇ የነርሷን ብቸኛ ማስረጃ አጥፍታለች። መጀመሪያ ያደረገችውን ማንም ደግ ሰው ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ስድስት ቀናት ግን ምን እንደሚላቸው አላወቀም። ተናደደባት፤ አሳዘነችውም።

«አምስት ቀን ከእናትየው አጠገብ ሲቀመጡ ምን ይሏቸው ነበር?»

እትዬ መነጽሯን አወለቀች። «እውነት እያደር ይጠራል እላቸው ነበር» አለች።

ጣቢያው ድረስ በመኪና አብረው ሄዱ። በሩ ጋ ሲደርሱ አንድ ነገር ለመነችው። ቃሏን ከመስጠቷ በፊት ለእናትየው ራሷ ትንገራቸው። ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን አየና ፈቀደ። ደንቡ አይፈቅድም፤ ግን ማን ይጠይቀዋል።

ከፎቁ መስኮት ቁልቁል አያቸው። እትዬ በለመደችው ቦታ ተቀመጠች። የእናትየውን እጅ አልያዘችም። ረጅም ጊዜ ተናገረች፤ እናትየው ዓይናቸውን ከምሳ ዕቃው ላይ አላነሡም። ሲያበቃ፣ እናትየው ይጮኻሉ፣ ወይም ይመቷታል ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን የምሳ ዕቃቸውን አንሥተው፣ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ እስከ አግዳሚው ጫፍ ድረስ ፈቀቅ አሉ። እዚያ ተቀመጡ። እትዬ ባለችበት ቀረች። መካከላቸው የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ሆነ።

ወረቀቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አለቀ። የእትዬ ቃል ተጽፎ፣ ተነብቦላት፣ ፈረመች፤ ለእሷም ሌላ ፋይል ተከፈተ፤ በዋስ ወጣች። መሄድ ስትችል አልሄደችም፤ ተመልሳ አግዳሚው ላይ ነበረች። ነርሷ የጫማዋን ማሰሪያ ከመዝጋቢው እየተቀበለች ሳለ ኢንስፔክተሩ ሁሉንም ነገራት። ስለቀለበቶቹ ስትሰማ ፊቷ አልተለወጠም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው።

«የዘጠኝ ቁጥሯ ስንት ተሰጣቸው?»

«ሁለት። ቤታቸው ገብተዋል።»

ራሷን ነቀነቀች። ማሰሪያዋን ሳታስር በእጇ እንደያዘች ወጣች። እናትየው ከጫፋቸው ሆነው አዩዋት። ነርሷ ወደ እናቷ አየች፤ ወደ እትዬም አየች። ከዚያ ሄዳ ክፍት በሆነው ቦታ ተቀመጠች፤ ሌላ ቦታ አልነበረምና። እናትየው የምሳ ዕቃውን ከፍተው ጉልበቷ ላይ አኖሩላት። ነርሷ ዳቦውን ለሁለት ቆረሰችና አንዱን ለእናቷ ሰጠች። ሌላውን ትንሽ ጊዜ በእጇ ይዛ ቆየች፤ ከዚያ መብላት ጀመረች። ነርሷ በልታ እስክትጨርስ ድረስ እትዬ አልተነሣችም።